ሳሙኤል፦ «ሰማኝ» ነው ወይስ «ለመንኩት»?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ ልጄን ሳሙኤል ያልኩት ስንት አመት ጠብቄ ስላገኘሁት ነው፣ ትርጉሙም «እግዚአብሔር ሰማኝ» ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ባለፈው የባለቤቴ እህት «ኧረ አይደለም፣ ከእግዚአብሔር ለመንኩት ማለት ነው፣ የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ራሷ ብላዋለች» አለችኝና ተከራከርን። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደሞ ጭራሽ ሶስተኛ መጣ፣ «ስሙ አምላክ ነው» የሚል። የቱን ልያዝ? የሳሚ እናት ነኝ።

መልስ፦ የሳሚ እናት፣ ያሳድግልሽ። መጥፎውን ላስቀድምና ከሶስቱ ደካማው ያንቺው ነው (አይዞሽ፣ ብዙ ሰው እንዳንቺ ነው የሚለው)። «ሰማ» በእብራይስጥ ሻማዕ ነው፣ መጨረሻው ላይ ዓይን የምትባል ፊደል አለች፣ ግዕዙ ሰምዐ ላይ ያለችው ዐ ማለት ናት። ከ«ሰማ» የወጣ ስም ከፈለግሽ እስማኤልና ስምዖን አሉልሽ፣ ዘፍጥረት 16፥11 እና 29፥33 ላይ ምክንያቱ ሳይቀር ተጽፏል፣ ስምዖንን ደሞ በአማርኛም ልብ ብለሽ ካየሽው ያቺ ዓይን «ዖ» ሆና እስከዛሬ ቁጭ ብላለች። ሳሙኤል ግን ሺን፣ ሜም፣ ዋው፣ አሌፍ፣ ላሜድ ነው፣ ዓይን የሚባል ነገር የለበትም።

ፊደሉን ብቻ ተከትለን ከሄድን ኢንተርኔቱ ልክ ነው። ሼም ያው የኛው «ስም» ነው፣ ኤል አምላክ፣ ስለዚህ «ስሙ ኤል ነው» ወይ «የኤል ስም»፣ መሀል ያለችው «ኡ» ላይ ምሁራን ይከራከራሉ፣ እሱን እንለፈው።

የባለቤትሽ እህትም ግን ዝም ብላ አልተናገረችም። 1ኛ ሳሙኤል 1፥20 ላይ ሐና «ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁ» ብላ ነው ስም ያወጣችለት፣ እዚህ ያለው የእብራይስጥ ግስ ሻአል ነው፣ የግዕዙ ሰአለ፣ አማርኛ ውስጥም «ስእለት» እና «ተሳለ» የምንለው ከዛው ነው። ይሄ ግስ እዛች አንዲት ምእራፍ ውስጥ ብቻ ሰባት ጊዜ ይመላለሳል፣ ከቁጥር 17 እስከ 28 ባለው፣ መጨረሻው ላይ ሐና ልጁን ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ስትሰጠው «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» የምትለዋ ቃል በእብራይስጥ «ሻኡል» ነች። ሻኡል ማን ነው? ሳኦል ነዋ! ያው ሳሙኤል ራሱ አድጎ ዘይት ቀብቶ ያነገሰው ንጉስ፣ ፊደሉ አንድም አይጎድል።

አንዳንድ ምሁራን ከዚህ ተነስተው ታሪኩ ድሮ የሳኦል ልደት ነበር ይላሉ። እኔ እዛ ድረስ አልሄድም፣ ጸሐፊው ሆን ብሎ የወደፊቱን ንጉስ ስም በሐና አፍ ቀድሞ እያስጠራ ይመስለኛል። ሲጀመር መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ስም የሚፈታው እንደ መዝገበ ቃላት ሳይሆን በድምፅ መመሳሰል ነው፣ ሙሴን ውሰጂ፣ ዘጸአት 2፥10 «ከውሃ አወጣሁት» ትላለች የፈርኦን ልጅ፣ በእብራይስጡ ማሻ ከሚለው ግስ ጋር አጋጥሞ፣ ብዙ ምሁራን ግን ስሙን ግብፅኛ ነው ይሉታል፣ ቱትሞስ በሚለው የፈርኦን ስም መጨረሻ ላይ እንዳለው «የተወለደ» ማለት።

ስለዚህ በቃሉ «ስሙ አምላክ ነው»፣ በታሪኩ «ለመንኩት»። አንቺም ለምነሽ ያገኘሽው ስለሆነ የባለቤትሽን እህት ይቅርታ ብትያት ምንም አይቀርብሽም።

ጥያቄ፦ ሳውል ክርስቶስን ሲያምን ስሙ ተቀይሮ ጳውሎስ ሆነ አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ሐዋርያት ሥራ ምእራፍ 9 ላይ ካመነ በኋላም ሳውል እየተባለ ይቀጥላል፣ 13፥9 ላይ ነው «ጳውሎስ የተባለው ሳውል» የሚለው፣ ማለትም ሁለቱም ስም ነበረው። ጳውሎስ የላቲን ስም ነው፣ «ትንሽ» ማለት፣ ሳውል ደሞ ያው ከላይ ያልነው ሻኡል ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ንጉሱን ሳኦል ሐዋርያውን ሳውል ስለሚል ሁለት ስም ይመስላል እንጂ እብራይስጡ አንድ ነው፣ ሁለቱም የብንያም ነገድ ናቸው።