ቆጠራውን ሳይነኩ ማዳላት

ልጆቼ፣

ከሞጣም ከቢቸናም ከቡሬም የምትመጡት ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ የቴሌቪዥን የውዝዋዜ ውድድር አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ከመቀመጤ በፊት ብዙ ዓመት የኖርኩት የተቀረጸ ምስል እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ ነው። ድምፅ ሲሰረቅ አላየሁም። ሲዳላ ግን አይቻለሁ፤ በእጄም ሠርቻለሁ።

አንዲት የጎጃም ልጅ ነበረች። ማሲንቆው ሲፈጥን ትከሻዋ አብሮ ይፈጥናል፣ ፊቷ ግን ርግት ይላል፤ ይህ የዓመታት ልፋት ነው። ሌላው ተወዳዳሪም ጎበዝ ነው፤ በቅርቡ እናቱን ቀብሯል። አዘጋጁ «የእሱን ታሪክ አስረዝምልኝ፣ ሰው የሚያወራው ስለ እሱ ነው» አለኝ። ለእሱ አራት ደቂቃ ሰጠሁት፦ የተወለደበት ቤት፣ የእናቱ ፎቶ፣ ከሥር ዋሽንት። ለእሷ አርባ ሴኮንድ። መድረክ ላይ እሷን መጀመሪያ፣ እሱን መጨረሻ አወጡ። እሷ ስትጨፍር፣ ትከሻዋ በሚነግርበት ሰዓት፣ ካሜራው ወደ ዳኞቹ ፊት ሄደ። ከዚያ ድምፁ በሐቅ ተቆጠረ፤ ተሸነፈች። ልጁም አልተጠቀመም፤ ገበያ ሲወጣ ሰው የሚጠይቀው ስለ እናቱ እንጂ ስለ ጭፈራው አልነበረም።

ደንቡ ራሱም ሊበድል ይችላል። ታዋቂ ሰዎች ከባለሙያ ጨፋሪ ጋር ተጣምረው በሚወዳደሩበት በእንግሊዙ ቢቢሲ «ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግ» ላይ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ግማሽ ፍጻሜ፣ ሦስት ጥንዶች ቀርተው ሳለ ዳኞቹ ለሁለቱ እኩል ከፍተኛ ነጥብ ሰጡ። ስሌቱ ሲታይ ሦስተኛው፣ ተዋናዩ ቶም ቻምበርስ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቢመርጠው እንኳ አንዳቸው ከሚሰናበቱት ከታችኞቹ ሁለት መውጣት አይችልም። ሰው ግን ድምፅ እየሰጠ ነበር! ጣቢያው ሦስቱንም ለፍጻሜ አሳለፈ፤ ዋንጫውን የወሰደውም ያው ቶም ነው። በአሜሪካው የከዋክብት የዳንስ ውድድር ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ዳኞች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲሰጡት የቆየው የሬዲዮ ሰው ቦቢ ቦንስ በደጋፊዎቹ ድምፅ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ከታችኞቹ ሁለት አንዱን የማዳን ሥልጣን ለዳኞቹ ተሰጠ።

ስለዚህ የዓባይን በረሃ ተሻግራችሁ አዲስ አበባ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። የዳኛው ነጥብና የሕዝቡ ድምፅ ስንት በስንት ይደመራሉ? አንድ ስልክ ስንት ጊዜ ይልካል? የመድረክ ተራ የሚወጣው በዕጣ ነው ወይስ አዘጋጁ እንዳሰኘው? መጠየቅ ነውር አይደለም። የምትፈርሙትንም ወረቀት ወደ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ካሜራ ይዘው ቤታችሁ ሲመጡና ስለ ሐዘናችሁ ሲጠይቋችሁ፣ ማን እንዳስተማራችሁ፣ የትኛው እንቅስቃሴ ስንት ወር እንደፈጀባችሁ ንገሯቸው። እሱን ቆርጠው ሊጥሉት ይችላሉ፤ ቢሆንም ንገሯቸው። እኔ ያንን ፈልጌ ከቀረጻው ውስጥ ያጣሁበት ቀን ብዙ ነው።

ልጅቷን ከዓመታት በኋላ እዚሁ ከተማ አገኘኋት፤ ሕፃናት ታሠለጥናለች። «ያኔ ቆጠራው ተጭበርብሮ ነበር?» አለችኝ። «የለም» አልኳት፤ ስለ አራቱ ደቂቃና ስለ አርባው ሴኮንድም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ያልታየው ቀረጻዬ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከተላለፈው በቀር ያስቀመጥኩት አልነበረም።