እናትሽን በማንሻ ብቻሽን አታንሺ

እህቴ፣ እናትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ስትሮክ ያጋጠማቸውን እናትሽን፣ ከውጭ በተላከልሽ የታማሚ ማንሻ (ሰውን በጨርቅ አቅፎ በሚያነሣው ባለ ጎማ መሣሪያ) ብቻሽን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማውረድ ትችዪ እንደሆነ ጠይቀሻል። ሲነሡ እየፈሩ እንደሚጮኹም ጽፈሻል። እኔም ደሴ ላይ አባቴን የማስታምመው በዚሁ ዓይነት ማንሻ ነው። ብቻሽን አታድርጊው። ጎረቤትም ቢሆን ጥሪና ሁለት ሁኑ። አንዱ ማንሻውን ሲይዝ ሌላው ዓይኑን ከእሳቸው አይነቅልም።

መጀመሪያ አልጋውን እዪው። የማንሻው እግሮች አልጋው ሥር መግባት አለባቸው። እኛ ጋ አናጢ የሚሠራው አልጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥሩ መሳቢያ አለው። የእግሮቹን ቁመት ለኪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ምንጣፉን ጠቅልለሽ አንሺ። ዊልቸሩን አልጋው አጠገብ አምጪው። ሰው ተንጠልጥሎ ደፍ አይሻገርም።

የሚያቅፋቸውን ጨርቅ ሁልጊዜ ስፌቱን ፈትሺ። የተተረተረ ወይም የሳሳ ከሆነ ልብስ ሰፊ ጋ አትውሰጂው፣ በገመድም አትቀጥዪው። አዲስ ይላክልሽ። የሚችሉት ኪሎ ማንሻውም ላይ ጨርቁም ላይ ተጽፏል፤ አነስተኛውን ቁጥር ያዢ።

ጨርቁን ስታስገቢ ወደ ጎን ገልብጠሻቸው ነው እንጂ ጎትተሽ አይደለም፤ ቆዳቸው ይላጣል። በደሴ ብርድ ጋቢ ሳይደርቡ ማንሣት አንጀት ይበላል። ቢሆንም ጋቢ ያንሸራትታል፣ ጨርቁ መንጠቆ ላይ የሚገባባቸውን ማንጠልጠያዎችም ይሸፍናል። እኔ አባቴ ተቀምጠው ካበቁ በኋላ ነው የምደርብላቸው።

የአልጋውና የዊልቸሩ ፍሬን ይያዝ። የማንሻውን ግን፣ መመሪያው ሌላ ካላለ፣ ሲነሡም ሲወርዱም አትያዢው፤ ራሱን ወደ ሚዛኑ እንዲያመጣ ነው። የማንሻውን እግሮች በደንብ ክፈቻቸው፤ ከጠበቡ ይገለበጣል።

አጥብቄ የምለምንሽ ቀጥሎ ያለውን ነው። ከፍራሹ ልክ እንደለቀቁ፣ ስንዝር ሳይሞላ፣ አቁሚ። ማንጠልጠያዎቹን አንድ በአንድ በእጅሽ ነክተሽ እዪ። መንጠቆው ውስጥ ገብተዋል? የግራና የቀኙ ማንጠልጠያ አንድ ዓይነት ቀለም ነው (ቀለሙ ርዝመቱን ያሳያል)? አንገታቸው ተደግፏል? አንዱ እንኳ ካጠራጠረሽ መልሰሽ አስተኚያቸው። እዚያ ከፍታ ላይ ቢንሸራተቱ የሚያርፉት ፍራሽ ላይ ነው።

ጩኸታቸው አያስገርምም፤ መሬት የለቀቀ ሰው ይፈራል። በፊት ራስሽ ተነሥተሽበት እዪው፣ ምን እንደሚሰማ ትረጃለሽ። «እማዬ፣ አሁን ላነሣሽ ነው» በያት፤ እጆቿን ደረቷ ላይ ታጥፍ፣ ፊቷም ወደሚያናግራት ሰው ይዙር። ስትወርድ ጨርቁ የሚንጠለጠልበት ብረት ግንባሯን እንዳይመታት አንዳችሁ በእጅ ያዙት።

የእጅ ፓምፕ ከሆነ መልቀቂያውን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፤ ቶሎ ከተከፈተ በአንዴ ይወርዳሉ። የባትሪ ከሆነ መብራት ሳለ ቻርጅ አድርጊው፤ ባትሪ ሲያልቅ በእጅ የሚወርድበትን ቦታም ዛሬውኑ ፈልጊ። ዳሌያቸው ወይም አከርካሪያቸው ላይ ስብራት ካለ፣ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ፣ ሐኪም ሳታማክሪ አትጀምሪ። የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት አንዴ ቆሞ ቢያሳይሽ ደግሞ የእኔን ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል።

የማንሻውንና የጨርቁን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ መጠኑ ይሆናቸው እንደሆነ አብረን እናያለን። ኮምቦልቻ ከሆንሽም ንገሪኝ፤ ለሥራ ስወርድ ጎራ ብዬ የመጀመሪያውን ቀን አብሬሽ አነሣቸዋለሁ።