ከማሳይ ማራ ወደ ሰረንጌቲ በመኪና መሻገር

በካርታው ላይ የኬንያው ማሳይ ማራና የታንዛኒያው ሰረንጌቲ የዱር እንስሳት ፓርኮች አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ፣ በሳንድ ሪቨር በር በኩል በቀጥታ ማለፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። አይቻልም። ያ በር ለቱሪስት የድንበር መሻገሪያ ሆኖ አያገለግልም። እንስሳቱ ይሻገራሉ፣ እርስዎ ግን ዙሪያውን መሄድ አለብዎት።

ያለዎት መንገድ ይህ ነው፦

1. በመኪና ከሆነ ከማራ ወደ ምዕራብ ወጥተው በኢሴባኒያ ኬላ ወደ ታንዛኒያ ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ መኪናውና አስጎብኚው እዚያው ይቀየራሉ። ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ ስለሆነ የዚያን ዕለት ሌላ ዕቅድ አይያዙ።

2. በአውሮፕላን ከሆነ ከማራ እዚያው ኬንያ ውስጥ ወዳለችው ሚጎሪ ይበርራሉ፣ ድንበሩን በመኪና ይሻገራሉ፣ ከዚያ በታንዛኒያ በኩል ካለችው ታሪሜ ወደ ሰረንጌቲ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ይይዛሉ።

ነገር ግን የሚሄዱት በመስከረም መጀመሪያ፣ ዓላማዎም የዊልደቢስት (በመንጋ የሚጓዝ ትልቅ የዱር ሣር በል እንስሳ) መንጋ የማራን ወንዝ ሲሻገር ማየት ብቻ ከሆነ፣ ለምን ሁለት አገር? ወንዙ በሰሜን ሰረንጌቲ ኮጋቴንዴ አካባቢም ያልፋል፤ መንጋውም በዚያ ወቅት በሁለቱም በኩል ይገኛል። አንዱን መርጠው ቀኖችዎን ሁሉ ወንዙ ዳር ያሳልፉ ባይ ነኝ። መንጋው ዳር ላይ ሰዓታት ቆሞ ሳይሻገር ሊመለስ ስለሚችል ትዕግሥትና ትርፍ ቀን ያስፈልጋል።

በትናንሽ አውሮፕላኖች የሚሄዱ ከሆነ ሻንጣዎን ከአሁኑ ያስቡበት። የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፣ ያውም በሚተጣጠፍ የጨርቅ ቦርሳ። ጠንካራ ሻንጣ ይዘው መጥተው በመነሻው ሰዓት ዕቃቸውን ሜዳ ላይ የሚያራግፉ ሰዎች አይቻለሁ።