አራት ኪሎ ሰፈር ውስጥ ቶነር ለምትሞላው ኬሚስት

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኬሚስትሪ ከተመረቅሽ ዓመት ተኩል ሆኖሻል። አራት ኪሎ አጎትሽ ሱቅ ውስጥ ፎቶኮፒ ታነሻለሽ፣ ካርትሪጅ ትሞያለሽ፣ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዣለሽ። እናትሽ ባንክ ተወዳደሪ ይሉሻል፤ አጎትሽ «ሥራውን ለምደሻል፣ የት ትሄጃለሽ?» ይላሉ። አንቺ ግን በዝቅተኛ ሙቀት ወረቀት ላይ የሚጣበቅ ቶነር (ማተሚያና ፎቶኮፒ ማሽን የሚጽፍበትን ዱቄት) መቀመም አምሮሻል፤ «ሰም ቢጨመርበት ቶሎ ይቀልጣል፣ ማሽኑም ብዙ ኤሌክትሪክ አይበላም» ብለሻል። ይህ ሙያ ነው ወይስ ቅዠት ነው ጥያቄሽ። በ24 ዓመት ረፍዶብኝ ይሆን ላልሽው፣ አልረፈደም፤ እለፊው።

ሙያ ነው። ስሙ ግን ቶነር ሳይሆን ቅመማ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ልክ ነሽ። ሌዘር ማተሚያ ውስጥ አብዛኛውን ኃይል የሚወስደው ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ትኩስ ሮለር ነው። ሰሙም ቢሆን ጥንት የታሰበ ነገር ነው፤ የፎቶኮፒን ዘዴ የፈጠረው አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያዋን ቅጂ ያወጣው ዱቄቱን ሰም ወደተቀባ ወረቀት አዛውሮ ወረቀቱን በማሞቅ ነበር። ዛሬም ቶነር ውስጥ ሰም አለ፤ ዋና ሥራው ግን ዱቄቱ ሮለሩን ይዞ እንዳይቀር ማላቀቅ ነው። ከልክ ካለፈ ወደ ላይ ይወጣና ዱቄቱን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ ድራሙንም (ምስሉ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ሲሊንደር) ይለቀልቀዋል።

ደብዳቤሽ የቆየ ቁስሌን የነካው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ፋብሪካ የብረት መቀቢያ የዱቄት ቀለም ላቦራቶሪ በምሠራበት ጊዜ ከጅቡቲ ወደብ የመጣ ካርቶን ከፈትን። ዱቄት መሆን የነበረበት ድንጋይ ሆኖ አገኘነው፤ በመዶሻ ሰበርነው። ኮንቴይነሩ ሐሩር ላይ ቆሞ ከርሟል። ኃላፊያችን «ፈጭታችሁ አስረክቡ» አለ። ፈጨን፣ አስረከብን፤ የደንበኛው የብረት በሮች ብጉር አወጡ፣ ስድቡን የጠጣሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን የገባኝ ነገር በሙያው 16 ዓመት አኖረኝ። ማቅለጥ ማንም ያቀልጣል፤ ሳይቀልጥ ማቆየት ነው ከባዱ።

ቶነርም እንደዚሁ ነው። ዱቄቱን የሚያያይዘው ሙጫ መለስለስ የሚጀምረው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ማሽኑ በሚገባ የሚያቀልጠው በአብዛኛው ከ150 በላይ ነው። የታችኛውን ቁጥር ዝቅ ባደረግሽ መጠን ማተሚያው ይደሰታል፣ መጋዘኑ ያለቅሳል። ማሽኑ ውስጥም ሌላ ጣጣ አለ። እያንዳንዱ ቅንጣት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፤ ላዩ ላይ እንዲፈስና የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) እንዲይዝ የሚያደርግ፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ የሲሊካ ብናኝ ተነስንሶበታል። ሲታመስ በዋለ ቁጥር ሲሊካው ለስላሳው ሙጫ ውስጥ ይቀበራል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ይንቀረፈፋል፣ የያዘው የኤሌክትሪክ ሙል ይዛባል፣ ገጹ ግራጫ ጥላ ይጥላል። በርካሽ ዱቄት ሞልተሽ ከጥቂት ሺህ ገጽ በኋላ «ድራሙ ተበላሸ» ያልሽው ሳይሆን አይቀርም ይኸው ነው።

ቀማሚዎቹ መውጫ አበጅተውለታል። ተራው ሙጫ እንደ ዕጣን ቀስ እያለ ይለሰልሳል፤ ክሪስታላማው ፖሊስተር (ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ ሙጫ) ግን እንደ በረዶ ነው፤ ነጥቡ እስኪደርስ ጠጣር ነው፣ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይፈሳል፣ ጎረቤቱንም ያለሰልሰዋል። ይህን በጥቂቱ ከውስጥ አድርገው ከላይ ጠንከር ያለ ቅርፊት ያለብሱታል። ሲሊካውም እንዳይቀበር ደቃቁን ከትልልቁ ጋር ይቀላቅላሉ። የጃፓን ማተሚያ አምራቾቹ እነ ሪኮና ካኖን ስንትና ስንት ኬሚስት የሚያሰማሩት በዚህ ላይ ነው።

አገር ውስጥ ቶነር የሚመረትበት ቦታ አላገኘሁም ብለሻል። እንግዲያው የአክስቱን ልጅ ያዢ። የዱቄት ቀለም ሙጫና ማቅለሚያው አብሮ ቀልጦ ይቦካል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይፈጫል፣ በኤሌክትሪክ ሙል ብረት ላይ ይለጠፋል፣ በሙቀት ይቀልጣል። ከቶነር የሚለየው ቅንጣቱ በመወፈሩና ምድጃ ውስጥ አንዴ ከጠና በኋላ ተመልሶ ባለመቅለጡ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ቀለም ፋብሪካ ሞልቷል፤ ፈሳሽ ቀለምም ቢሆን ከእጅ አይሻል ዶማ አይደለም፤ ሙጫ፣ ማቅለሚያና ማጣፈጫ ሲጣሉ ማስታረቅን ያስተምርሻል። ሁለት ዓመት እዚያ ሥሪ፤ ሁለተኛ ዲግሪው ይቆይ።

አሁን ስለ ቤተሰብ። እናትሽ ባንክ የሚሉት ወር በገባ ቁጥር የሚቆጠር ደመወዝ ስለሚታያቸው ነው፤ ጀማሪ ኬሚስት ያን ያህል አይከፈለውም፣ አልዋሽሽም። ግን የሚፈሩት ለአንቺ ነው ወይስ ጎረቤት ስለሚጠይቃቸው? ጠይቂያቸው። አጎትሽን በተመለከተ ደፍሬ ልናገር፤ በወር የሚሰጡሽ ኪስ ገንዘብ እንጂ ደመወዝ አይደለም። ተመራቂ ኬሚስት በታክሲ ሒሳብ ማሠራት ለምደዋል፤ ዘመድነት ይህን አይሸፍነውም። ሌላ ሰው እስኪያሠለጥኑ አንድ ወር ስጪያቸው፤ ከዚያ በላይ አትስጪ። ርካሽ ዱቄት በጅምላ አምጥተን እናደባልቅ ያለሽን ጓደኛሽንም ተይው።

እስከዚያ ሱቁን ላቦራቶሪ አድርጊው። ጥቁር የሞላበት ገጽ በሦስት ዓይነት ዱቄት አትሚ፤ በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ በአንድ ማሽን። ገጹን እጠፊና እጥፋቱን በአውራ ጣትሽ ደምጥጪው፣ ከዚያ ዘርግተሽ በጨርቅ ጥረጊው። በደንብ ያልተጣበቀው እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል። የመስመሩን ስፋት በማስመሪያ ለኪ፣ ቀኑንና ዱቄቱን ጻፊ። የቀለም ፋብሪካ ቃለ መጠይቅ ስትገቢ ሦስቱን ወረቀቶች ከዲግሪሽ በፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪያቸው።