በልክ የሚሠራ የሴት ጫማ የት ላግኝ ብለሽ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። እግሬ 43 ነው፣ ሰፊም ነው፣ ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በልክ የሚሠራልኝ የት ላግኝ ነው ያልሽው አይደል? ከሥር «ከዱባይ አስመጪ» ሲሉሽ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም 43 ነኝ። አውራ ጣቴ ሥር ያለው አጥንትም ወጣ ያለ ነው፤ ያንቺም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

1. ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ ሂጂ። እግር ሲቆምበት ሲውል ያብጣል፤ በጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ሠርግ ላይ ያስለቅሳል። ሁለቱንም እግርሽን አስለኪ፣ እኩል አይደሉም። ወረቀት ላይ ማስመር ብቻ አይበቃም፤ ጣቶችሽ ሥር ያለው ዙሪያ በሜትር መለካት አለበት።

2. የታኮውን ቁመት ከመጀመሪያው ወስኚ። ጫማው የሚወጠርበት ፎርማ (የእግር ቅርጽ ያለው ቅርጻ ቅርጽ ማለት ነው) የሚሠራው ለአንድ የታኮ ቁመት ነው። ለአጭር ታኮ በተሠራ ፎርማ ካስወጠርሽ በኋላ «ትንሽ ከፍ ይበልልኝ» ብትዪ፣ ጫማው ወደፊት ይደፋሻል። ሱቅ ውስጥ ግን «ችግር የለም» ይሉሻል። ችግር አለው።

3. የሚለካሽ ሰውና የሚሠራው ሰው አንድ ነው ወይ? ይህን ሳትጠይቂ ቀብድ እንዳትከፍዪ። እኔ ላይ የተሠራውን ስሚ።

መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ቡና ቀረበልኝ። ልጁ ተንበርክኮ እግሬን ካኪ ወረቀት ላይ በእርሳስ አሰመረ። አጥንቴ ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ዞረና ክብ አደረገበት። «እዚህ ጋ እናሰፋዋለን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ጫማው ሲመጣ እዚያችው አጥንት ላይ ነከሰኝ። «ሲለበስ ይለቃል» አሉኝ። ቆዳ ይለቃል፣ እሱስ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው፣ ያን ያህል አይለቅም። ስመልሰው ባለቤትየዋ ከስልኳ ቀና እንኳን ሳትል ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጫማው ልክ ነው የኔ እህት፣ እግርሽ ነው ችግር ያለበት።» ያውም ሰው ፊት! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ብዙም ሳይቆይ ስፌቱ ተተረተረ። ሰፈራችን ጫማ የሚሰፋ ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። ገልብጦ አየውና ሳቀ። «ይሄ እኮ መርካቶ፣ ሸራ ተራ የተሠራ ነው። የማን እጅ እንደሆነም አውቃለሁ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ጠባብ ደረጃ፣ አንዲት ክፍል፣ የማስቲሹ ሽታ ገና ከበር አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሠሪው ጫማውን ወዲያው አወቀው። ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ከተሰካ የወረቀት ክምር ውስጥ ፈልጎ ትእዛዜን አወጣ። የአውቶቡስ ቲኬት የምታክል ብጣሽ ናት። «43፣ ጥቁር፣ ሰፋ ይበል» ትላለች። በቃ! ያ ካኪ ወረቀት፣ ያ ክብ፣ ሁሉም ሱቅ ነው የቀረው። ለሱ የከፈሉት ደግሞ እኔ ከከፈልኩት ሩቡን አይሞላም።

እዚያው ተቀምጬ አስለካሁ። እሱ መጀመሪያ እርሳስ አላነሳም፤ አጥንቴን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ፎርማ አወረደ፣ አጥንቴ በሚመጣበት ቦታ ላይ ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ ለጠፈና ጠርዙን በቢላ አሳሳው። በእጄ ዳስሼው የራሴን እግር የነካሁ ነው የመሰለኝ። የሱ 43 ፎርማ ግን የወንድ ነው፣ ስለዚህ አጭር ታኮ ነው የሚወጣልሽ። ቀጭን ረጅም ታኮ ካማረሽ መጀመሪያ የሴት ፎርማ ፈልጊ።

በነገራችን ላይ ይህ ሙያ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ አርመኖች የጫማ ፋብሪካ ከፍተው ነበር፤ እዚያ የለመዱ ሰዎች ወጥተው የራሳቸውን ከፈቱ፣ ከእጅ ወደ እጅ መርካቶ ደረሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ ሲጎርፍ ስንቱ ዘጋ። የተረፉት ሥራ እንጂ ማስታወቂያ አያውቁም፣ ለዚህ ነው ባለመስታወቶቹ የሚበሉባቸው።

ቁጥሩ የት እንደደረሰ ጠፋኝ፣ ተይው። ቆዳውን ራስሽ ግዢ፣ እዚያው ሸራ ተራ ይሸጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ እዪ። ጭራ ጭራ የሚል ከሆነ ቆዳ ነው፤ ከጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ካየሽ ፕላስቲክ ነው። ለስለስ አለልኝ ብለሽ የበግ ቆዳ እንዳታነሺ። በግ ለጓንትና ለጃኬት ነው፣ ጫማ ላይ ይለጠጥና ቅርጹን ያጣል። ለላይ የከብት፣ ለገበር የበግ ወይም የፍየል ይሁን።

ሶሉ ከመለጠፉ በፊት «አንዴ እግሬ ላይ ልየው» በዪ። ከፎርማው አውጥቶ መመለስ ሥራ ስለሆነ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። ሶል ከተለጠፈ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቆዳው ፎርማው ላይ ተወጥሮ መቆየትም አለበት፣ ስለዚህ «ነገ ድረሽ» የሚልሽን አትመኚ።

ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ገናም ከፊቱ አለ። ኅዳር ሳያልቅ ካልያዝሽው በቀጠሮ ብቻ ያመላልሱሻል። ሙሉ ብር አስቀድመሽ አትክፈዪ፤ ቀብዱ ለሶል መግዣ ይበቃል። ስትረከቢ ደግሞ ፎርማው ላይ የተለጠፈው እንዳይነቀል ተስማሚና ስምሽን በማርከር አስጽፊበት። የኔ ስም አለበት፤ አሁን ደውዬ ሞዴልና ቀለም ብቻ ነው የምነግረው።

የሠሪውን ስልክ በውስጥ እልክልሻለሁ። እዚህ አልለጥፈውም፣ ግሩፑ ውስጥ ባለሱቆችም አሉ።