ትናንሽ ዕቃ ከየት ላምጣ ላልሽው፤ ከወጥ ቤትሽ ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አምስት ዓመት ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ልጅሽ ሦስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ቤት ውስጥ በሞንቴሶሪ መንገድ፣ ማለትም ልጅ ዕቃ በእጁ እየያዘ በሚማርበት ዘዴ፣ አማርኛ ልታስጀምሪያት ፈልገሻል። የፊደል ድምፅ ማስተማሪያ ተብሎ ኦንላይን የሚሸጠው የትናንሽ ዕቃ ስብስብ ዋጋ አስደንግጦሻል። "እነዚህን ትናንሽ ዕቃዎች እናንተ ከየት ነው የምታገኟቸው?" ነው ያልሽው። ከየት የሚለውን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን የእኔን ጥፋት ልንገርሽ፤ ገንዘብም ጊዜም ታተርፊበታለሽ።

እኔ ያ ስብስብ ደርሶኝ ነበር። የባለቤቴ እህት ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። 26 ትናንሽ መሳቢያ ያለው የሚያምር የእንጨት ሳጥን ነው። በየመሳቢያው አራት አምስት ዕቃ አለ። ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነው። ልጄ ኢግሉ የሚባለውን ከበረዶ የሚሠራ ክብ ቤት አንስታ "ጎጆ!" አለች። ያክ የሚባለውን የቲቤት ጸጉራም ከብት "በሬ" አለችው። ዛይሎፎን የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ "ፒያኖ"። ምን ይባላል! ለእንግሊዝኛው አይ፣ ዋይ እና ኤክስ ተብለው የተመረጡ ናቸው፤ በአማርኛ ሲጠሩ ግን አንዳቸውም በተቀመጡበት አይገኙም። ሳጥኑ ዛሬ የባለቤቴ ብሎን ማስቀመጫ ሆኗል። ለእሱስ ግሩም ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከመልቀምሽ በፊት ቃል ልቀሚ። ወረቀት ያዢና ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ የምትጠሩትን ጻፊ። ዕቃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ነው ዋናው። የድምፅ ጨዋታውን ታውቂው ይሆናል። ሦስት አራት ዕቃ ታስቀምጪና "በዓይኔ አንድ ነገር አየሁ፣ በእንዲህ ያለ ድምፅ የሚጀምር" ትያታለሽ፤ እሷ ታነሳለች። ፊደል የሚባል ነገር አይታይም፤ ሥራው የጆሮ ብቻ ነው። ያነበብኩት ሁሉ "የፊደሉን ስም ሳይሆን ድምፁን ብቻ ተናገሩ" ይላል። እኔም ቡና፣ ባቄላ፣ የላስቲክ ቢራቢሮ እና ሳሙና ትሪ ላይ አደረግሁና "በ'ብ' የሚጀምር ስጪኝ" አልኳት።

ትሪውን አየች። እኔን አየች። "የለም" አለች።

"እስቲ ደህና አድርገሽ እዪ።"

"የለም አልኩሽ እኮ!" ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ብርቱካን ይዛ መጣች።

አንድ ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ፤ ልክ የነበረችው እሷ ናት። ቡና በ"ቡ" ይጀምራል፣ ባቄላ በ"ባ"፣ ቢራቢሮ በ"ቢ"። በ"ብ" የሚጀምር ብላ ሄዳ ያመጣችው ብርቱካኑን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዚህ መንገድ መሥራች ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር የመጀመሪያውን "የልጆች ቤት" ስትከፍት የልጆቹ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበር። በላቲን ፊደል "ብ" ለብቻዋ፣ "ኡ" ለብቻዋ ነው የሚጻፉት። ልጁ ቃሉን እስከዚያ ድረስ መበተን አለበት። የእኛ ፊደል ግን ሁለቱን አንድ ላይ አቅፎ ነው የሚሄደው። "ቡና" ሁለት ፊደል ነው፣ ቡ እና ና። እያጨበጨበች እንድትለው አድርጊ፤ ሁለት ጊዜ ነው የምታጨበጭበው። ፊደላችን ለልጅ ጆሮ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ እኔ በሰው አገር በኩል ዞሬ ልወስዳት ስለፋ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሙሉ ፊደሉ ጀመርኩ። "በ'ሳ' የሚጀምር" ስላት ሳሙና፣ ሳንቲም፣ ሳጥን። በ"ማ" ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ማስቲካ። (ማስቲካውን በላችው፤ እሱን ተይው።) ይህ በደንብ ሲገባት፣ ሁለት ወር ያህል ቆይተን "ዘመዳሞች" የምንለውን ጨዋታ አመጣን። በቆሎ፣ ቡና፣ ቢራቢሮ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርጭቆ፣ ቦርሳ በሰልፍ ይቆማሉ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ሰባቱም ቤት በዕቃ። ቤቱ ከክብሪት ቀፎ የተሠራ ነው፣ ቦርሳዋ የአሻንጉሊት ናት። አንድ ቀን በሰልፉ ላይ እጇን እያሳለፈች ስትጠራቸው ቆየችና "እማ፣ ሁሉም አፌን ይዘጉታል" አለችኝ። "ብ" ስንል ከንፈር ይገጥማል አይደል? ያን ዕለት ነው "ብ"ን የሰማቻት፣ በራሷ ጊዜ።

ይሄ ሰልፍ ሌላም ነገር ፈታልኝ። ሀ ሁ ሂን በዜማ ብቻ የተማረ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ገበታው ላይ "ባ የቷ ናት?" ስትይው ጣቱን ከበ ላይ ያስነሳና "በ ቡ ቢ ባ" እያለ ሮጦ ነው የሚደርስባት። እኛም እንደዚያ ነው ያደግነው፤ ዜማውን አልጠላውም። ባቄላ በእጇ የያዘች ልጅ ግን ባ ጋ በአቋራጭ ትደርሳለች።

231ዱንም ፊደል በዕቃ እሞላለሁ ብለሽ ግን እንዳትነሺ። እኔ ሞክሬ ደክሞኛል። የመ ሳጥን በአንድ ከሰዓት ይሞላል፤ አማርኛ የሥራ ዕቃን አብዛኛውን ጊዜ በመ ነው የሚጠራው፤ መቅረጫ፣ መክፈቻ፣ መጥረጊያ፣ መወልወያ እያልሽ ትቀጥያለሽ። ረ ላይ ትቸገሪያለሽ። እኔ ረከቦት፣ ሩዝ፣ ራዲዮ፣ ሮማን ብዬ እዚያው ቀረሁ። ለዥ ከክርና ከእስክሪብቶ ቀፎ የአሻንጉሊት ዥዋዥዌ ሠራሁ። የሚገርምሽ ከሁሉም በላይ የወደደችው እሱን ነው።

የሚቀራረቡ ድምፆችን ለይተሽ አስቢባቸው፤ እዚህ ላይ ዕቃ ከሥዕል ይበልጣል። ጠጠር፣ ጥጥ እና ጣሳ በአንድ በኩል፣ ተልባ፣ ትሪ እና ቲማቲም በሌላ በኩል። ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ቀለበት ከክር፣ ከኮከብ፣ ከከሰል ጋር። እህቴ ሜሪላንድ ናት፤ ልጆቿ እንግሊዝኛው ስለሚያይል "ጥጥ"ን "ትት" ይሏታል። ጥጥ አፍ ፊት ይዘው "ተ" እና "ጠ" ሲሉ የትኛው ጥጡን እንደሚያበረው እንዲያዩ ነገርኳት። "ተ" ያበረዋል፤ "ጠ" እምብዛም አያንቀሳቅሰውም። ጨዋታው ሳምንት ሙሉ ቤቱን አሳበደው፤ ልዩነቱ ግን ገባቸው።

ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን ለጊዜው አትለያዪ። ጆሮ አይለያቸውማ። አማቼ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን ሳጥኑን አዩና "ዓሣን ከአሻንጉሊት ጋር? ዓሣ እኮ በዓይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ ነው!" ብለው ተቆጡኝ። "አባባ፣ መጻፍ ስትጀምር እርስዎ ያስተምሯታል" አልኳቸው። አስተማሯትም።

ስም የሚያጣላ ዕቃም አለ። ቁልፍ ስትይ የበሩ ነው የሸሚዙ? ልጄ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጣ "ሁለቱም ቁልፍ ነው" አለች፤ ምን ልበላት? የሸሚዙን አወጣሁት። እናቴ "ሚዶ" ትላለች፣ እኔ "ማበጠሪያ"፤ አንዱን ምረጡና ለጨዋታው እሱን ያዙ። ጠቦት ብለሽ ያስቀመጥሽው በግ ከሆነ፣ ኩባያ ያልሽው ፍንጃል ከሆነ ልጅቷ ጆሮዋን መጠራጠር ትጀምራለች። አይታ በአንድ ቃል የማትጠራውን ዕቃ አታስገቢ።

እሺ፣ ከየት? ግማሹ ወጥ ቤትሽ ውስጥ አለ። እውነተኛው ዕቃ ከሞዴሉ በፊት ይምጣ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆቻችን "ስትሮበሪ" ያውቃሉ፣ ወንፊት አያውቁም። ወንፊት፣ ጭልፋ፣ ማማሰያ፣ ሙቀጫ፣ ሰፌድ እያልሽ በሦስት በሦስት አቅርቢላት። መጀመሪያ "ይህ ወንፊት ነው"፣ ቀጥሎ "ወንፊቱን ስጪኝ"፣ በመጨረሻ "ይህ ምንድን ነው?"። ይህ ባለ ሦስት ደረጃ አጠያየቅ ሞንቴሶሪ ሴጋን ከሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የወሰደችው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከተሳሳተች አታርሚያት፤ ወደ መጀመሪያው ተመልሰሽ ሌላ ቀን ድገሚው።

የቀረውን ከልብስ ስፌት ሳጥን (ክር፣ ዚፕ)፣ ከባልሽ መሣሪያ (ብሎን፣ ሽቦ)፣ ከጎረቤት (ቆርኪ፣ ቡሽ) ታገኛለሽ። የላስቲክ እንስሳት መርካቶ በከረጢት ይሸጣሉ። ከረጢቱ ውስጥ ዳይኖሰር ይበዛል፣ ዶሮዋም ከላሟ ትበልጣለች፤ ሳቅንበት እንጂ ችግር አልሆነብንም። ትንሿን ጀበና፣ መሶብ፣ ከበሮና ክራር ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ታገኛለሽ፣ ግን ለቱሪስት በሚጠሩት ዋጋ ነው። ሸክላውን ቀጨኔ ከሚሠሩት እናቶች ዘንድ ሄጄ ነው ያገኘሁት። የአውራ ጣት የምታክል ምጣድ ከነአክንባሎዋ ሠሩልኝ። እስካሁን አለች፣ ጫፏ ተሸርፏል።

ያጣሽውን ደግሞ ሥሪ። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ያህል ውሃ። ለውሺና ዓሣ፣ ኮከብ፣ ዳቦ፣ ዱባ ቅረጹ፤ በጣም ለስላሳ በሆነ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ልጅቷ ራሷ የሠራችውን ዕቃ ስም አትረሳም።

አሁን ቆም ብለሽ ይህን አንብቢ። ታናሹ ልጄ ሁለት ዓመቱ እያለ ከትሪው ላይ ሽምብራ አንስቶ አፍንጫው ውስጥ ከተተ። ሽምብራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ክሊኒክ ሄደን ነው የወጣው፤ የልጁ ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ጥራጥሬና ለውዝ የሚወጣው አንቺ አጠገቧ ስትቀመጪ ብቻ ይሁን። ታናሽ ካላት፣ የሶፍት ጥቅልል መሃል ባለው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ በሙሉ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይዋል። ክብ የሰዓትና የሪሞት ባትሪ፣ ትናንሽ ማግኔት ከነጭራሹ አይግባ። ለ"ጉ" የሚሆን ብለሽ ምጣድ የምታሰሺበትን ጉሎ እንዳታስቀምጪ፤ ፍሬው መርዝ ነው። ጉማሬ ይበቃል።

አንድ ጊዜ ከአምስት ዕቃ በላይ አታውጪ። እኔ መጀመሪያ ሠላሳውንም ደርድሬ በሥራዬ ኮራሁ፤ እሷ በአንድ ደቂቃ በትና ሄደች። የቀረውን በዱቄት ወተት ጣሳ ደብቂና በየሳምንቱ ቀያይሪ። የጠፋው ከሶፋ ሥር ይገኛል፤ ካልተገኘም ይቅር።

ፊደሉን ራሱን ለማሳየት አትቸኩይ። ጆሮዋ ሲነቃ የብርጭቆ ወረቀት ግዢና ቡ፣ ሳ፣ ማን ቆርጠሽ ካርቶን ላይ ለጥፊ፤ በጣቷ እየዳሰሰች ትማራቸው፤ ከጎኑ ዕቃው ይቀመጥ። ሰባቱን ቤት በአንድ ቀን አታቅርቢ። ከተለያየ ዘር ሁለት ሁለት፣ መልካቸውም የማይመሳሰል ይሁን። ለ እና ሰን አንድ ላይ አቅርቤ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ለዚህ ቅዳሜ ቡና፣ ሳሙና፣ ማንኪያ እና ሎሚ ትሪ ላይ አድርጊና ሞክሪው። ምን እንዳለችሽ ንገሪኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የኘ ሳጥኔ እስካሁን ባዶ ነው። በኘ የሚጀምር ዕቃ አላገኘሁም፤ መኝታ እና ፈረሰኛ እያልኩ በመሃሉና በመጨረሻው ነው የማጫውታት። በቤታችሁ የምትጠሩት ካለ ላኪልኝ።