«የቱ እንጨት ይሻላል?» ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ከለገጣፎ ተነስቶ እኔ ዘንድ፣ ሱሉልታ ድረስ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዋሽንት ይዟል። «ጋሼ፣ ወይራ ነው እኮ! እንዴት ይሰነጠቃል?» አለኝ።

ተቀብዬ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ከሚነፋበት አፍ ተነስቶ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ የሚወርድ ስንጥቅ አለው። ውፍረቱ ፀጉር ቢያህል ነው። የታችኛውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ተክዬ፣ አራቱን ቀዳዳዎች በጣቶቼ ደፍኜ፣ ከላይ በአፌ አየር ሳብኩ። ጤነኛ ዋሽንት ቢሆን ከንፈሬን ጭብጥ አድርጎ ይይዘው ነበር። ይሄኛው ምንም አልያዘም። እናንተም ዋሽንት ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። ሻጩ ቅር ካለው ይበለው።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ እንጨቱ ስም ነው። ወይራ ነው? ጽድ ነው? ጥቁሩ እንጨት፣ ዞጲ ነው? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዋሽንት ውስጥ የሚንቀጠቀጠው አየሩ ነው። እንጨቱ ለድምፁ ያለው ድርሻ ከምታስቡት ያነሰ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ጆን ኮልትማን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ ውስጣቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ፍሉቶች (የፈረንጅ ዋሽንቶች) ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት ሠርቶ፣ የትኛው እንደሚነፋ ሳያሳይ ለሰዎች አሰማ። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻሉም።

ታዲያ እንጨት መምረጥ ለምን አስፈለገ? እንጨቱ የተቀረጸለትን ቅርጽ ይዞ መቆየት ስላለበት ነው። ትንፋሻችሁ የሚመታው የአፉ ጠርዝ ስል ሆኖ መቆየት አለበት። ውስጡም ልስልስ መሆን አለበት። ዋንዛ ለመቅረጽ ደስ ይላል፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ትንፋሽ ሲያረጥበው ውስጡ ፀጉር መሳይ ነገር ያወጣል። ጽድ ሽታው ግሩም ነው፣ ነቀዝም አይደፍረውም። ችግሩ በመስመሩ በቀላሉ መፈንከቱ ነው። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ጠርዙን ለዓመታት ይይዛል። እኔም የምወደው እሱን ነው። ሸምበቆን ግን አትናቁ። እረኛው ከጥንት ጀምሮ የነፋው እሱን ነው፤ ለጀማሪም ከሱ የሚሻል የለም። ቀርከሃ ከሆነ የደጋውን ፈልጉ፣ የቆላው ውስጡ ድፍን ነው።

ከስሙ በፊት ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ደርቋል ወይ?

ይህን በውድ ዋጋ ነው የተማርኩት። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ጎረቤቴ የቆረጠው የወይራ ግንድ አገኘሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሳምንት ውስጥ ቶርኖ ላይ አዙሬ፣ በስቼ፣ አሳምሬ ሸጥኩት። ወር ሳይሞላው ከአፉ እስከ ታች ተተርትሮ ተመለሰልኝ። ገንዘቡን መለስኩ፤ ሰውየው የተናገረኝ ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሁለት ጥፋት ነበረብኝ። አንደኛ፣ እንጨቱ እርጥብ ነበር። ሁለተኛ፣ ከግንዱ መሀል፣ ከልቡ ነው የወሰድኩት። የግንድ ልብ ያለበት እንጨት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም። ከልቡ ወጣ ካለው ክፍል፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ከሚሄደው ውሰዱ። እርጥበት ቶሎ የሚወጣው በጫፍ በኩል ስለሆነ ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀቡ። ከዚያ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ለአንድ ጣት ውፍረት አንድ ዓመት ስጡት።

አሁን አሁን የቆመ ወይራ ለማስቆረጥ ልቤ እሺ አይለኝም። አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ከሰማሁ ግን እሄዳለሁ። ዕድሜ ልኩን ጣራ ተሸክሞ የደረቀ ምሰሶ ለማገዶ ሲሸጥ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ምስማሩን በጥንቃቄ ማውጣት ብቻ ነው።

አዲስ የእንጨት ዋሽንት ስትገዙ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ አትንፉበት። ውስጡ በትንፋሽ ረጥቦ ሲያብጥ ውጪው ደረቅ ነው፤ ያን ጊዜ ነው የሚፈነዳው። ለሁለት ሦስት ሳምንት በቀን አስር፣ አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ነፍታችሁ ስትጨርሱ በቀጭን ዘንግ ላይ ጨርቅ ጠምጥማችሁ ውስጡን አድርቁት። በፌስታል አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል። የጨርቅ ከረጢት ይሻለዋል። በጥር ፀሐይ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ደግሞ እሳት ላይ እንደ መጣል ነው።

ቅቤ የምትቀቡ አላችሁ። ተዉ፣ ይበላሻል፣ ይሸታል። ንጹሕ የተልባ ዘይት በጣም በስሱ ቀቡና የተረፈውን ጠርጋችሁ ለቀናት ተዉት፤ እንጨቱ ላይ ይደርቃል። ቀለም ቤት «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ኬሚካል ስላለበት አፍ ለሚነካ ዕቃ አይሆንም። አደራ የምላችሁ ደግሞ፣ የተልባ ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ በራሱ ጊዜ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

እዚህ እኛ ጋ ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው። «ዋሽንቴ ወረደብኝ» እያላችሁ ቀዳዳ ለማስፋት አትሩጡ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። ብብታችሁ ውስጥ ትንሽ አሙቁትና ንፉ። ስንት ደህና ዋሽንት በጠዋት ብርድ ምክንያት ተሞርዶ ቅኝቱ እንደጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው።

የለገጣፎውን ልጅ ዋሽንት ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ሙጫ አስገባሁለት። ሰም የነካ ክርም አጥብቄ ጠመጠምኩበት። አየር መያዝ ጀመረ። ትዝታ ነፋልኝ፤ የታችኛው ድምፅ ትንሽ ይደክማል እንጂ ደህና ነው። ከዚያ በሩ ጀርባ ወደቆሙት አራት የወይራ ቁራጮች ወሰድኩት። ከአሮጌ ምሰሶ የወጡ ናቸው። መሀላቸውን በቀጭኑ በስቼ፣ ጫፋቸውን ሰም ቀብቼ፣ ቀኑን በእርሳስ ጽፌባቸዋለሁ። አንዱን አንስቶ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ደቅኖ አየ።

«ይሄ መቼ ይደርሳል፣ ጋሼ?»

«ክረምቱ ይለፍበት» አልኩት።